የሬይመንድ አረንጓዴ

ሬይመንድ ሃክስቢ በወጣትነቱ ዶንካስተር ውስጥ የናፍጣ ባቡሮችን አረንጓዴ ይቀባ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ የእነዚያኑ ባቡሮች ትንንሽ ሞዴሎች እየሠራ፣ የድሮውን ቀለም ልክ ለማምጣት አሥር ዓመት ለፋ። ከየመዝገብ ቤቱ ፎቶም ናሙናም ሰበሰበ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉንም ናቃቸው።

«ፎቶ ይወይባል፣ ቀለም ያረጃል። በእጄ የቀባሁትን ማን ሊነግረኝ ነው?» አለና በትዝታው በጥብጦ አርባ ሞዴል ቀባ።

ባለፈው ወር የቀኝ ዓይኑ ሞራ ተገፈፈለት። ማክሰኞ የሞዴል ባቡር ክበባችን መጥቶ ሞዴሎቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ ፊት እንደቆመ ሻዩ እጁ ላይ ቀዘቀዘ።

«ዴሪክ፣ እነዚህ እኮ ሰማያዊ ናቸው! ያ ቢጫ ሞራ ሰማያዊውን አረንጓዴ እያስመሰለ ጉድ ሠራኝ።»

ዓይኔን ወደ ሻዬ መለስኩ። ሌሎቹም ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ፤ በዝምታ ማን ይችለናል!

«ታውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ» አልኩ።

«ታዲያ አፍ የላችሁም?»

«በጣም ደስ ብሎህ ነበራ!»

አንዱን ሞዴል አነሣ። የዳነውን ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ገና ሞራ ባለበት በግራው ብቻ ትክ ብሎ አየው።

«በዚህኛው ግን ልክ ነው» አለ።

የግራ ዓይኑ ቀጠሮ ሐሙስ ነው።