ተመልሶ የመጣው ሽብልቅ

ዛሬ ጠዋት የአልጋ እግር በመጋዝ እየገዘገዝኩ ቀና ብል፣ አልጋውን የሸጡልኝ እናት በሩ ላይ ቆመዋል።

አሮጌ እንጨት ገዝቼ ዱካና ጠረጴዛ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ አሮጌ እንጨት ሞልቷል፤ የተራበ ሰው አልጋውንም ይሸጣል።

እኚህ ሱዳናዊት ከጦርነቱ ሸሽተው ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለዋል። ባለፈው ሳምንት የገመድ አልጋቸውን ፈታተው አመጡልኝ። አንድ ምስማር የለውም፤ እንጨት እንጨቱን ነክሶ በሽብልቅ የጠበቀ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ እኔም አልችልበትም።

እያወቅሁ «ካልቲ፣ አክስቴ፣ ይሄ ከማገዶ አያልፍም» ብዬ በአንድ ጣሳ ማሽላ ወሰድኩባቸው።

ዛሬ የመጡት ሊከራከሩ አልነበረም። የተከናነቡትን ቶብ የጫፉን ቋጠሮ ፈተው ትንሽ ሽብልቅ አወጡ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይሄ ከልብሳችን መሀል ተገኘ። ያለሱ አልጋው ይወዛወዛል። የሚተኛበት ሰው እንዳይወድቅ ብዬ ነው።»

ከዚያ መጋዙንና የተቆረጠውን እግር አዩ። ሽብልቁን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አባቴ በሰባ ሰባቱ ርሃብ ከጎንደር እዚህ ሲገባ መጋዙን በማሽላ ለውጦ ነበር። «የዛገ ብረት ነው» ያለውን ነጋዴ ዕድሜ ልኩን ይረግመው ነበር። ያ ነጋዴ ምን ይመስል ይሆን እያልኩ ነው ያደግሁት። ዛሬ አወቅሁት።

የቆረጥኩትን እግር በአሮጌ የካሚዮን እንጨት ተክቼ፣ አልጋውን ልመልስ ነው። ግን እዚያ ትምህርት ቤት ስንት ካልቲ አለ፤ ማን ብዬ ላፈላልጋቸው? ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም።

የተራበ ሰው ዕቃ ያራከሳችሁ ካላችሁ እስቲ ጻፉልኝ። ብቻዬን አልፈር።