የጋሽ ኪሮስ ባዶ ካሴት

አላምንም። ጋሽ ኪሮስ ሞቱ አሉኝ። እኔ ደግሞ ባዶ ካሴት ገዝተው እስኪመለሱ ነበር የምጠብቃቸው።

ሰቆጣን የምታውቁ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለችውን ካሴት ቤት ታውቋታላችሁ። ለማታውቁ፦ ጋሽ ኪሮስ ማለት አረብ አገር ላለ ልጅ የእናቱን ድምፅ በካሴት ቀድተው የሚልኩ ሰው ናቸው። መጻፍ ለማይችል ወላጅ ሁሉ ደብዳቤው እሳቸው ነበሩ።

አቀዳዳቸው ግን የሚያስቅ ነው። ግድግዳው ላይ ጋቢና ጆንያ ሰቅለዋል። ማይኩን የሱፍ ካልሲ አልብሰውታል። (ካልሲው ታጥቦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቄ ተባርሬያለሁ።) ወፍጮው ካልቆመ ንክች አያደርጉም። አንዴ እማማ ዝማም ጅዳ ላለች ልጃቸው በኸምጣንጋ ቋንቋ ሲያወሩ መሃል ላይ እንባ ቀደማቸው። ጋሽ ኪሮስ ቴፑን ቀጭ አድርገው አቆሙ።

«ውኃ ይጠጡና እንደገና። ልጅዎ በሰው አገር ናት፤ የደህና ሰው ድምፅ ይላኩላት።»

«ደህና አይደለሁማ!»

«ለካሴቱ ደህና ይሁኑለት።»

ያኔ ሳቅኩ። ዛሬ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ለካ ጋሽ ኪሮስ ራሳቸው ልምምድ ላይ ነበሩ።

ከእኔ ጋር ሰላም አልነበረንም። ሠፈራችን ባለው ፎቶ ቤት ኮምፒዩተር ላይ የድምፅ ፎርማት መቀየር የተማርኩ ሰሞን ሄጄ ፎከርኩባቸው።

«ጋሽ ኪሮስ፣ ካሴት አበቃለት። ኤምፒስሪም ሳይቀር አርጅቷል። አሁን ዋቭ የሚባል አለ፤ ከድምፁ ቅንጣት አይጥልም።»

«የማይጥለው የሰጠኸውን ነዋ። ምን ሰጠኸው?»

«በሞባይሌ የቀዳሁትን።»

«በል ሂድ! ገለባን በብር ቁና ብትሰፍረው ጤፍ አይሆንም።»

ይቺን አባባል ለሁሉም ነገር ነው የሚያውሏት። ፀጉሬን ቅባት ተቀብቼ ሳልፍ እንኳ ከበራቸው ላይ ይወረውሩብኛል።

እኔም አልተውኳቸውም። የከተማውን ሰው ሁሉ ቀድተው የራሳቸው ድምፅ አንድ ካሴት ላይ የለም። «እርስዎን መቼ ነው የምንቀዳው?» እላለሁ። «ነፋሱ ይረፍ» ይላሉ። ነፋሱ ሲያርፍ «ወፍጮው ይቁም» ይላሉ። ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ሳል ይይዛቸዋል። «አቧራ ነው» ይሉኛል።

ከዚያ አንድ ቀን «ወልዲያ ልወርድ ነው። ባዶ ካሴት ገዝቼ ስመለስ እኔን ትቀዳኛለህ» አሉኝ። በደስታ ዘለልኩ። ሠፈሩን ብጠይቅ ሁሉም አንድ ቃል ነው፦ ካሴት ሊገዙ ነው። ቄሱም ካሴት፣ ወፍጮ ቤቱም ካሴት። የዶሮ ዋጋ ሲዋሽ እንኳ ጆሮው የሚቀላው አባቴ፣ ጆሮው ሳይቀላ «አዎ፣ ካሴት» አለኝ።

ሐኪም ቤት ሊተኙ ነበር ለካ። ሁሉም ያውቅ ነበር። «ልጅ ነው፣ ይደነግጣል» ተባብለው ነው። እናንተ ሽማግሌዎች፣ ስብሰባ ላይ በአንድ የውኃ ቦይ መስማማት አቅቷችሁ ስትጨቃጨቁ ትውላላችሁ፤ እኔን ለመሸወድ ግን እንዴት እንዲህ አንድ ሆናችሁ?

ዛሬ አስከሬኑ ሲመጣ ሻንጣቸውን አብረው አወረዱ። ልብሳቸውን ለለቅሶ ሲያወጡ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። የመድኃኒት ካርቶን አለ። ነጠላ ጫማ አለ። ካሴት የለም።

እኔ ያለኝ የሄዱ ቀን መናኸሪያ ላይ በሞባይሌ የቀዳሁት ብቻ ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ረዳቱ «ወልዲያ! ወልዲያ!» ይላል፣ ነፋሱ ማይኩን ይገርፈዋል። ከመሃሉ የጋሽ ኪሮስ ድምፅ፦ «ይሄን ክብሪት የሚያህል ሞባይል አፌ ላይ አትደግን! ጸጥ ያለ ቦታ ሳታገኝ ሰው አይቀዳም!» ከዚያ ሳል። ረጅም ሳል።

የዚያኑ ቀን ቤት ስገባ ወደ ትልቁ ፎርማት፣ ወደ ዋቭ ቀየርኩት። ፋይሉ እንደ ሠርግ ድንኳን ተነፋ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ሳሉን ቆርጬ አውጥቼ፣ አሳምሬ፣ ሲመለሱ ላሰማቸውና ልረታቸው ነበር ሐሳቤ። ዛሬ ደጋግሜ ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ ያ ሳል ብቻ ነው። አልቆርጠውም።

ጋሽ ኪሮስ፣ ረቱኝ። ገለባው ገለባ ነው። ግን ያለኝ እሱ ብቻ እንዲሆን ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ለእማማ ዝማም ልጅ የደህና ሰው ድምፅ ሲልኩ ኖረው፣ በመጨረሻ ለእኔም ያንኑ ላኩልኝ። እኔ እኮ በሰው አገር አልነበርኩም፤ በርዎ ላይ ነበርኩ። ይቅር ልልዎ እሞክራለሁ፤ ዛሬ ግን አልችልም።

ለቀብርዎ ሲባል ወፍጮው ቆሟል። ነፋሱም ዐርፏል። ከተማው እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ እርስዎ ሲፈልጉት የኖሩት ጸጥታ ይኸው። የሞባይሌን መቅጃ ከፍቼ የማይኩን ካልሲዎን አልብሼዋለሁ።

ደህና ይሁኑ ልበል? ለካሴቱ ብዬ እንኳ ደህና መሆን አቃተኝ።