ከኋላ ወንበር ሥር

ሰፈሩ ዳኛው ይለዋል። ሕግ ተምሮ አይደለም፤ መካኒክ ነው። ሕመሙ ያልታወቀ መኪና ሲመጣለት ቁልፉን ተቀብሎ ብቻውን ይወጣል፣ ሰፊው መንገድ ላይ አንዴ ደርሶ ይመለሳል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይፈርዳል። «ኩሽኔታ ነው» ይላል፤ ወይም «የፍሬን ሸራ ነው»፤ ወይም ደግሞ «መኪናው ምንም አልሆነም፣ ጆሮህን ታከም»። ይግባኝ የለም። ሲፈትሽ ግን አንድ አመል አለው፤ መኪናው ላይ ሰው አያሳፍርም። ሬዲዮኑን ያጠፋል፣ ኪስ ውስጥ የሚንኳኳውን ሳንቲምና ቁልፍ ሁሉ አውጥቶ ያስቀምጣል፣ ባለመኪናውን ጋራዡ በር ላይ ገትሮት ይሄዳል። «ሰው የተሳፈረበት መኪና ይዋሻል» ባይ ነው። እውነት ለመናገር በዚህ አመሉ ብዙ ጊዜ ቀንቶታል፤ ሰው ደግሞ አንዴ የቀናውን አመል ቢገርፉትም አይለቅም።

እናቱ አብራው ትኖራለች። ዳሌዋን ካመማት ወዲህ እግሯን አንሥታ መኪና ውስጥ መግባት ፈተና ሆኖባታል። መኪናው ከመሬት ራቅ ብሎ የቆመ አሮጌ የቤተሰብ መኪና ነው። እሷን እዚያ ላይ ለማውጣት እሱ ከሥር ይገፋል፣ ሚስቱ ከውስጥ ሆና ትጎትታለች፣ እናትየው መሀል ላይ ተንጠልጥላ «እኔ ሶፋ ነኝ እንዴ?» እያለች ትስቃለች። ሲብስባት ደግሞ ሳቁ ይቀርና ወደ ቤት ትመለሳለች። ይህ ሁሉ ባልከፋ ነበር፤ ግን ታናሽ እህቷ ዓይኗ ጠፍቶ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ከቤት መውጣት ትታለች። አንድ ቀን በስልክ፣ «ድምፅሽን ጠገብኩት፤ እስቲ መጥተሽ ፊትሽን በእጄ ልዳብሰው» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እናትየው ሌላ ወሬ የላትም።

«አንቺ ወደ መኪናው መውጣት ካቃተሽ፣ መኪናውን ወደ አንቺ አወርደዋለሁ» አላት ልጇ።

መኪና ዝቅ ማድረግ የጎረምሶች ሥራ ነው። ዳኛው ራሱ ሆዱ አስፋልት ሊነካ የደረሰ መኪና ባየ ቁጥር «ይሄ ደግሞ መሬት ሊስም ነው ሊነዳ?» እያለ ሲያሾፍ የኖረ ሰው ነው። ለእናቱ ሲሆን ግን ፌዙን ዋጠው። የፊቱን ሞላዎች አጠር ባሉ ቀየረ፤ ከኋላ ደግሞ ተደራርበው ከታሰሩት የባሌስትራ ብረቶች አንዱን አወጣ። መኪናው ቁጢጥ አለ። እናቱ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ወንበሩ ላይ ዘርፈጥ ብላ ተቀምጣ፣ «ጎበዝ መኪና! ተንበርክኮ ተቀበለኝ» ስትል እሱ እንደ ልጅ ደስ አለው።

ደስታው እስከ ሰፊው መንገድ ብቻ ነበር። ሚስቱ ከጎኑ፣ እናቱ ከኋላ፣ ጓዙም ከእሷ ኋላ ነበር። እናትየው ፊት አትቀመጥም፤ «መንገዱ እየሮጠ ፊቴ ላይ ይመጣል» ትላለች። ከከተማ ወጥተው ፍጥነት ሲጨምር፣ «አንተ፣ ከሥሬ ምንድን ነው የሚንቀጠቀጠው?» አለች።

መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና አዳመጠ። መሪው ዝም ብሏል።

«ምንም የለም፣ እማዬ።»

«አለ እንጂ! አጥንቴ ውስጥ እየገባ ነው።»

ሚስቱን አያት። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ሲያንቀጠቅጣት የምትውል ሰው ስለ ንዝረት ምን ትመስክር? «እኔ እንጃ» አለች። «አንዳንዴ እግሬ ሥር ያለ ይመስለኛል፤ ልብ ስለው ደግሞ ይጠፋል።» እናትየው ዳሌዋን ይዛ ማቃሰት ስትጀምር መኪናውን አዞሩት።

በማግስቱ ብቻውን ወጣ። ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ሄደ። መኪናው ቅቤ ነው። ተመለሰና ግራ ገባው። ዝቅ የተደረገ መኪና ቢንቀጠቀጥ የሚጠረጠረውን እሱ ያውቃል፤ ስለዚህ ከጎማ ጀመረ። ጎሚስታው ወዳጁ ነው፤ አራቱንም ጎማ ፈትቶ ባላንስ አደረገለት። እናቱን አሳፍሮ ወጣ፤ ይንቀጠቀጣል አለች። ሞተሩ የሚያርፍባቸውን ጎሚኒዎች ቀየረ። ብቻውን ወጣ፤ ፀጥ። እናቱን አሳፈረ፤ ይንቀጠቀጣል አለች። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ አወረደ፣ በሁለቱ ጫፎች ያሉትን መገጣጠሚያዎች፣ ክሮቼራዎቹን፣ በእጁ አገላበጠ፤ አንዱም ልል አይደለም። መልሶ አሰረው። ብቻውን ወጣ፤ አሁንም ፀጥ። ውሃ ወቀጣ ሆነበት።

«እሷ ስትኖር አለ፣ እሷ ስትወርድ የለም» አለው ለጎሚስታው፤ ሲናገረው ለራሱም የእብድ ወሬ መሰለው።

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ታዲያ አምጣትና እሷን ባላንስ እናድርጋት» አለ።

ሌላ ቀን ቢሆን አብሮት በሳቀ። ያን ቀን ግን ቁልፉን አንሥቶ ሄደ። ቀልዱ ያናደደው እሱም በሆዱ እንደዚያው ማሰብ ስለ ጀመረ ነው። መኪናውን ፈትሿል፤ የቀረው ያልተፈተሸ ነገር እናቱ ናት።

እንደገና ሊሄዱ ተነሡ። ጓዙ ተጫነ፣ እህትየውም ተደውሎ ተነገራት። ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ እናቱ እየታገሠች እንደ ሆነ በመስተዋቱ አየ። ከዚያ፣ «ኧረ ልጄ፣ እንደ ሰሞኑ ነው» አለች።

መኪናውን ጥግ ይዞ አቆመ። ዞረና፣ «እማዬ! መኪናው ደህና ነው። የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ!» አለ። ጮኾ ነው ያለው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እናቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለው ነበር። ሁለት እጆቿን ከጭኗ ላይ አነሣችና አየቻቸው። ግራ ተጋብታ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደምታይ ሁሉ አገላብጣ አየቻቸው። «ይሆናል» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሴትዮዋ ተለወጠች። የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጇ ትይዛለች። መርፌ ውስጥ ራሷ ክር ታስገባ የነበረችው አሁን መርፌውን ለሚስቱ ትሰጣለች። ደረጃ ስትወርድ ትቆምና እግሯን ታዳምጣለች። እህቷ ስትደውል፣ «ደካክሜያለሁ እቴ፣ በሽታዬን ይዤ ሰው ቤት አልመጣም» ስትል ዳኛው ከጓዳ ሆኖ ሰማት። ግን መኪናው ደህና ነው። እሱ ፈትሾታል። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ነገሩን ከላይ እስከ ታች ቢያስበው፣ ከታች እስከ ላይ ቢያስበው፣ ወይ እናቱ ታማለች፣ ወይ እሱ ሥራውን አያውቅም። የትኛው እንዲሆን እንደሚመኝ ራሱ አያውቅም ነበር።

ሐሳብ ደግሞ መፍቻ አያስይዝም። በዚያው ሰሞን ጋራዥ ውስጥ ከባዱ ክሪክ ከእጁ አምልጦ እግሩ ላይ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም እንጂ እግሩ አበጠ፤ ፔዳል መርገጥ የማይታሰብ ሆነ። ሚስቱ ሰፍታ የጨረሰችውን የደንብ ልብስ ከከተማ ውጭ ላለ ትምህርት ቤት ማድረስ ነበረባትና፣ «ቤት ውስጥ ስታጉረመርም ከምትውል አብረኸኝ ና» አለችው። ፊት ወንበር ላይ እግሩን መዘርጋት አልቻለም። እያነከሰ ሄዶ ከኋላ ገባ፤ በወንበሩ ላይ ተጋደመ። ከጀርባው የደንብ ልብሱ እስር እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ይህን መኪና ከገዛ ጀምሮ ከኋላ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ሚስቱ ስለ ክርና ስለ አዝራር እያወራችው ነበር። እሱ መጀመሪያ የእግሩ ሕመም መሰለው። ከዚያ ወገቡ ላይ ወጣ። ከወንበሩ ሥር፣ ድምፅ የሌለው፣ ጥርስ የሚያሳክክ ነገር መጣ።

«ዝም በይ!» አላት።

«ምን አልኩ?»

«አንቺን አይደለም። ቀንሺ። እስቲ ጨምሪ። ኧረ ጨምሪ!»

ስትጨምር መጣ፣ ስትቀንስ ሄደ። እጁን ወንበሩ ላይ ጣለው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። «አለ» አለ። «ወይ ጉድ፣ አለ እኮ!» ሚስቱ በመስተዋቱ አየችው፤ ባሏ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ አልለየላትም።

ልብሱን አድርሰው እንደ ተመለሱ ባበጠ እግሩ መኪናው ሥር ገባ። ሚስቱን ከኋላ አስቀመጣት፣ በጓዝ ፈንታ ደግሞ ሁለት ጆንያ አሸዋ አስጫነ። ያን ጊዜ ነው ያየው። አንድ ብረት የተቀነሰበት ባሌስትራ ለስልሷል። ብቻውን ሲወጣ ኋላው ባዶ ስለሆነ ዘንጉ ቀና ብሎ ይሽከረከራል፤ ከኋላ ሰው ወይም ጓዝ ሲጫን ግን መኪናው ቁጭ ይላል፣ የዘንጉ ማዕዘን ይበላሻል፣ ክሮቼራው እየተንገጫገጨ ይዞራል። ንዝረቱም ወደ መሪው ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኋላው ወንበር ይወጣል። እነሆ ሰው የተሳፈረበት መኪና እውነቱን ሲናገር፣ ዳኛው ግን ምስክሩን በር ላይ አቁሞ ሲፈርድ ከርሟል።

ዲፈረንሻሉን የሚያቃና ቀጭን የብረት ሽብልቅ አስቀርጾ ከባሌስትራው ሥር አስገባ። ሚስቱ እየነዳች እሱ ከኋላ ሆኖ ወጡ፤ የባሰውን ተንቀጠቀጠ! ጭራሽ ጣሪያው ላይ ያለው መብራት መንኳኳት ጀመረ። አሁንም አልገባኝም ማለት ነው ብሎ ፈራ። ቤት ገብቶ ሽብልቁን ሲያወጣው ግን ወፍራሙን ጎን ወደ ፊት፣ ቀጭኑን ወደ ኋላ አድርጎ ኖሯል። አዞረው። እንደገና ወጡ። ፀጥ አለ። ያልጠበቀው ፀጥታ ስለ ሆነበት ሚስቱን ሦስቴ አስመላለሳት።

«እማዬ፣ መኪናው ነበር» አላት ያን ምሽት ከፊቷ ቁጭ ብሎ። «አንቺ ልክ ነበርሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

እናቱ ፈገግ አለች። «ልትደልለኝ ነው?»

«እውነቴን ነው!»

«እሺ ልጄ» አለች፤ ያላመነ ሰው በሚለው እሺ። ምራቷ ገብታ፣ «እማማ፣ በሞቴ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እህትዎ እየጠበቁዎት ነው» ብላ ስትለምናት ነው በስንት መከራ የተነሣችው።

ሚስቱ ነዳች፤ እሱ ከኋላ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። ሰፊው መንገድ መጣ፣ ፍጥነቱ ጨመረ። መዳፉን ወንበሩ ላይ፣ ቀጥሎም ወለሉ ላይ አሳረፈ። ምንም የለም።

«አሁንስ?» አላት።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አለች ቶሎ ብላ። እንዲህ ያለውን ደህና ነው እሱ ከስንት ደንበኛ ሰምቶታል፤ መካኒኩን የፈራ ሰው የሚለው ነው። ከእሷ አፍ መስማቱ አሳዘነው። ሊያጽናናት እጇን ያዘ።

እጇ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ መኪናው መሰለውና ሌላውን መዳፉን እንደገና ወለሉ ላይ አደረገ። ወለሉ ጸጥ ብሏል። እጇ ግን በእጁ ውስጥ በቀስታ፣ ሳያቋርጥ፣ በራሱ ጊዜ ይርገበገባል። ከመቼ ጀምሮ ይሆን? ከድሮም ነበረ? ወይስ እሱ የጮኸባት ቀን ነው የገባባት? ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። መኪና ቢሆን ፈትቶ ያየው ነበር።

እናቱ ፊቱን እያየችው ነበር። «ትንሽ አለ፣ አይደል?» አለች ዝግ ብላ።

ዳኛው በሥራው ዋሽቶ አያውቅም። «አለ» አለ። «መኪናው ነው፣ እማዬ። አሮጌ ነው እኮ።»

«ስነግርህ አልነበር!» ብላ ተቆጣችው፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መቆጣቷ ነው። እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም። ከተማው ከሩቅ መታየት ሲጀምር ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣

«እንግዲያ እህቴ እጄን ስትይዝ እንዳትደነግጥ፣ አንተው ንገራት» አለችው። «የመኪናው ነው በላት።»

«እላታለሁ» አለ።