በሳምንት የዘገየችው ፍልሰታ

የዚያን ቀን ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት ሳነሳው እስካሁን ጆሮዬ ይግላል። አንድ ሽማግሌ ከአርባ ዓመት በኋላ እህታቸውን ሊያገኙ ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲሄዱ፣ እህትየው በሄዱ በሁለተኛው ቀን እንዲደርሱ አድርጌ ቲኬት ቆረጥኩላቸው። ያውም እየኮራሁ። ቲኬቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ለጥ ብዬ እጅ ነስቼ ነው የሰጠኋቸው።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ለንደን ውስጥ ጥገኝነት ጠይቄ ወረቀቴን እየጠበቅሁ፣ አንድ የቆጵሮስ ሰው በከፈታት ጠባብ የጉዞ ቢሮ ተቀጥሬ የግሪክ ደሴቶችን እሸጣለሁ። ከምሸጣቸው ደሴቶች አንዱንም አላየሁም። ከእንግሊዝ ብወጣ ተመልሼ የምገባበት ወረቀት የለኝም። ሩቅ ሄድኩ ካልኩ ክሮይደን ነው፤ እሱም ፋይሌ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ኢሚግሬሽን ቢሮ ተሰልፌ። ደንበኛ "እርስዎ አይተውታል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ግን ዓይኔን ጨፈን አድርጌ፣ ባሕሩ ፊቴ ላይ የመጣ ይመስል ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ራስ መነቅነቅ ውሸት አይባልም ብዬ ለራሴ ፈርጄ ነበር።

ሽማግሌውን ሙሴ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ እያለን ግሪኩንም አርመኑንም የምንጠራው እንደዚያ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ ደርግ ሲወርሰው ወደ ለንደን መጥተው ስቶክዌል ልጃቸው ቤት ገቡ። "ምድጃውን ወሰዱ" ይሉኝ ነበር፣ "እርሾው እንዴት እንደሚያድር ግን አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም።" አማርኛቸው ከኔ ይሻላል። ስድባቸውማ አይወዳደርም።

የተወለዱባት ከተማ ወደቧን እንደ ፈረስ ኮቴ ከባ የተቀመጠች ትንሽ የደሴት ከተማ ናት። ቢሮ በመጡ ቁጥር ብሮሹሬን አንስተው ያነቡና ይስቃሉ። ብሮሹሩ ከባሕር ማዶ የመጡ ጦረኞች ስለሠሩት ታላቅ ምሽግ ያወራል፤ ሙሴ እዚያ ምሽግ ውስጥ የአክስታቸውን ፍየሎች ያስሩ ነበር። ብሮሹሩ በየቀለሙ ስለተቀቡት ያማሩ ቤቶች ያወራል፤ ቤቶቹን ያሠራው ስፖንጅ ነው፣ ጠላቂዎች ድንጋይ ታቅፈው እየሰመጡ ከባሕር ወለል የሚለቅሙት። አባታቸው ከነዚያ ጠላቂዎች አንዱ ነበሩ። ስፖንጁ ሲመናመን ሰዉም ተበተነ። ሙሴ ወደ አዲስ አበባ፣ እህታቸው ወደ አውስትራሊያ። ጣራቸው የወደቀ ቤቶች ውስጥ በለስ በቀለ። ከዓመታት በኋላ ቱሪስት መጣና መጋዘኖቹ ምግብ ቤት ሆኑ፤ ስፖንጁም አሁን ከሌላ አገር ተጭኖ መጥቶ በወደቡ ላይ ለመታሰቢያ ይሸጣል።

"ስንራብ ውቦች መሆናችንን የነገረን አልነበረም" አሉኝ አንድ ቀን፣ የብሮሹሩን ፎቶግራፍ በጣታቸው እየመቱ።

በዚያ ዓመት ከእህታቸው ደብዳቤ መጣ። ለፍልሰታ በዓል ወደ ደሴቲቱ እመጣለሁ፣ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ ይላል። ሁለቱም ሰባውን ዘለዋል፤ ይህ የመጨረሻው መሆኑን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም። ሙሴ ለኔ ያሉኝ አንድ ቃል ነው፦ ለፍልሰታ አድርሰኝ።

እኔስ የማርያም ልጅ አይደለሁ? ፍልሰታን ማን ሊነግረኝ ነው? ነሐሴ አሥራ ስድስት። በጣቴ ቆጥሬ ወደ ፈረንጅ መለስኩት፤ ኦገስት ሃያ ሁለት ሆነ። ቀን ሳልሳሳት በመቀየሬ ራሴን አመስግኜ፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው እንዲደርሱ ቡክ አደረግሁ። ግድግዳው ላይ ከጀርባዬ የተሰቀለውን የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ካላንደር ዞር ብዬ አላየሁም። አሠሪዬ በየወሩ ቅጠሉን የሚገለብጠው ለኔ ነበር መሰለኝ።

ሙሴ ቲኬቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት፤ ከዚያ አቀረቡት።

"ይሄ ቀን ምንድን ነው?"

"ፍልሰታ ነዋ ሙሴ። ሁለት ቀን ያርፋሉ፣ ከዚያ ለበዓሉ።"

"ይሄ ያንተ ፍልሰታ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የኛ በሳምንት ይቀድማል። ኦገስት አሥራ አምስት ላይ ነው። አርባ ዓመት ሁለቱንም በልቼልሃለሁ፣ መጀመሪያ የኛን፣ በሳምንቱ የጎረቤቶቼን።" ጣታቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርገው ቆጠሩ። "እሷ አሥራ ስምንት ላይ ትሄዳለች።"

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አልሰደቡኝም። የዚያን ዕለት ያን ሁሉ የፒያሳ ስድብ ቢያወርዱብኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

የቀደመውን ሳምንት በረራ ቼክ ባደርግ አንድ መቀመጫ የለም። በዚያ ሳምንት አገሬው ሁሉ ወደየመንደሩ ይገባል፣ ቱሪስቱ ይጨመርበታል። የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ሳነብ ግን ብቻቸውን የሚጓዙ አንዲት ደንበኛ አገኘሁ፤ ዌምብሊ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። ቲኬት ላይ ስም መቀየር ደግሞ እስከ ማግስቱ ይፈቀዳል። ደስ ሊለኝ ሲል ለኚህ ሴት ምን ብዬ እንደሸጥኩላቸው ትዝ አለኝ። ሴትዮዋ ጸጥታ ነበር የፈለጉት። "በዓሉን ካላዩ ከተማዋን አላዩም" ብዬ ሃሳባቸውን ያስቀየርኳቸው እኔ ነኝ።

ሙሴን ነገ እደውላለሁ ብዬ ሸኘሁና ከሥራ ስወጣ በባቡር ዌምብሊ ሄድኩ። በመንገድ ላይ ሦስት ውሸት አዘጋጀሁ። ምሽጉ በዚያ ሳምንት ለጥገና ይዘጋል፤ ውሃ ይጠፋል፤ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ፣ አህያ ነበረበት።

ሴትዮዋ ከግቢያቸው ጽጌረዳ ሲቆርጡ አገኘኋቸው። መቀሱን እንደያዙ አዳመጡኝ። ስለ ምሽጉ ጥገና ስጀምር የትኛው ግንብ ነው የሚጠገነው፣ የባሕሩ ወይስ የተራራው ብለው ጠየቁኝ። ከኔ ይልቅ አንብበዋል። ከዚያ የሙሴን ነገር ዘረገፍኩት፤ ዳቦ ቤቱን፣ እህታቸውን፣ የኔንና የግሪክን ፍልሰታ፣ ሳምንቱን።

በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ "እርስዎ ግን በዓሉን በዓይንዎ አይተው ነበር የነገሩኝ" አሉ። "ያ በወርቅ ዘርፍ ያጌጠ ጃንጥላ፣ ከበሮው፣ የሴቶቹ እልልታ።"

እዚያች ጽጌረዳ ሥር ልቀበር ምን ቀረኝ።

"እሜቴ፣ ያ የሰፈሬ የማርያም ንግሥ ነው። ደሴቲቱን አላየሁም። ከዚህ አገር መውጣት አልችልም።"

መቀሱን አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ስለ ወረቀቴ ጠየቁኝ፣ ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ ጠየቁኝ። መቀመጫውን ለሙሴ ሰጡ፤ የሙሴን ለራሳቸው ወሰዱ። አንድ ነገር ብቻ አስከፈሉኝ።

"ወረቀትዎ ሲመጣ በበዓሉ ቀን ሄደው ይዩትና ይጻፉልኝ። ያዩትን ብቻ።"

ማልኩላቸው። ወደ ባቡሩ ተመለስኩ። ለሙሴ ከጣቢያው ስልክ ደወልኩ። ሰሙኝና፣ "አንተ አህያ" አሉኝ። አንዱ ስድብ ይበቃኛል ብዬ ስልኩን ልዘጋ ስል የቀረውን አወረዱት። ዕዳዬን የከፈልኩ ያህል ቀለለኝ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢሮ ፖስትካርድ ደረሰኝ። ከፊቱ የወደቡ ፎቶግራፍ አለ፣ ከጀርባው በተንቀጠቀጠ የአማርኛ ጽሕፈት፦ "ደረስኩ። አገኘኋት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ደረጃ መሀል ሁለታችንም ደክሞን ተቀመጥን፣ ሥዕለ ማርያምም በካህናት ተይዛ እዚያው በአጠገባችን አለፈች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ።" ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ ዞሬ ካላንደሩን አየሁት።

በሳምንቱ ከሴትዮዋም ካርድ መጣ። ጃንጥላ የለም፣ ሁሉንም ጠይቄ አረጋግጫለሁ፣ ደብዳቤዎን እጠብቃለሁ ይላል።

ወረቀቴ ከመጣ ስንት ዘመኑ። አንድ ዓመት ሥራ በዝቶ ነበር፤ አንድ ዓመት ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ አንድ ዓመት ደግሞ ቲኬት ቆርጬ ነበር፣ ለየትኛው ፍልሰታ እንደሆነ ባልነግራችሁ እመርጣለሁ። ሴትዮዋ እስካሁን ይኖራሉ ብዬ አላስብም። ሁለቱ ካርዶች መሳቢያዬ ውስጥ አብረው አሉ፤ የሳቸው አድራሻ ጥግ ላይ በጥሩ የአስተማሪ ጽሕፈት ተጽፏል። ደብዳቤው ግን አልተጻፈም።