በደቦ የተቆፈረው የፋብሪካ መሠረት

ደብረ ታቦር መጥቶ ስለ ፋብሪካ የሚናገር ባለሥልጣን ሁሉ የሚጀምረው ከጋፋት ነው። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ከከተማችን ብዙ አይርቅም፤ ዛሬ ማሳና የእግር መንገድ ነው። ተናጋሪው ኢንዱስትሪ ከእኛ ዘንድ እንደ ጀመረ ይነግረናል፤ ከዚያ ወዲህ የት እንደ ገባ ሳይነግረን ወደ ምሳው ይሄዳል። በመዝገብ ቤት ሠራተኝነቴ ዘመን ይህን ንግግር ብዙ ጊዜ ሰምቼ በፋይል አስቀምጬዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን አንድ ጊዜ አመንኩት። ያሳመነኝ ንግግሩ አልነበረም፤ ልጄ ናት።

ልጄ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። እኩዮቿ የልብስ ፋብሪካ ወዳለበት ወደ መሃል አገርና ወደ ደቡብ በአውቶቡስ እየተጫኑ ይሄዳሉ። ለእሷም የምልመላ ወረቀት ደርሷት ነበር። አባቷ ከሞተ ቆይቷል፤ ሌላ ልጅ የለኝም። እንዳትሄድ እፈልግ ነበር፤ አልነገርኳትም።

በዚያው ሰሞን የድንች ፋብሪካ ሊሠራልን ነው ተባለ። የተመረጠው ቦታ በከተማው ጫፍ ያለው፣ ከአባቴ የወረስኩት የገብስ ማሳ ነው። መሬቱን በፈቃዴ ከለቀቅሁ ልጄ በቅጥር ቅድሚያ እንደምታገኝ የቀበሌ ሰዎች ነገሩኝ። ፈረምኩ። ልጄም የምልመላውን ወረቀት መለሰች።

የመሠረት ድንጋዩ ዕለት ድንኳን ተተከለ፤ ጋፋት ተነሣ። እንግዳው ባለሥልጣን አውሮፓ የአፍሪካን ጥሬ ዕቃ በርካሽ ወስዶ አሽጎ መልሶ እንደሚሸጥላት በምሬት ተናገረ። እኛም አብረን ተናደድን። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠ፤ በአዲስ አካፋ አንዳንድ ጭብጥ አፈር ተጣለ፤ መኪኖቹ ሄዱ። የቀረው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይና ጠመንጃ የያዘ አንድ ጥበቃ ነው። ጥበቃው ጎረቤቴ ነው። የፋብሪካው የመጀመሪያ ሠራተኛ እሱ ሆነ፤ እንዳየነው የመጨረሻውም።

ወር አለፈ፤ ማንም አልመጣም። እኛ ቤተ ክርስቲያኑንም ትምህርት ቤቱንም የሠራነው በደቦ ነው። ድንጋይ ተጥሎ ሕዝብ ካልወጣ ሥራ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ከቅዳሴ በኋላ «ምናልባት የሚጠብቁት እኛን ይሆናል፤ አፍረው ነው እንጂ» አሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት እኔም ነገሩ እውነት መሰለኝ። ጠላ ጠመቅሁ።

ሰዉ ዶማና አካፋውን ይዞ በማለዳ መጣ። ጥበቃው መንገድ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ትእዛዝ አልደረሰኝም» አለኝ።

«ለማስቆፈር ነው ወይስ ለመከልከል?»

ትንሽ አሰበ። «ለሁለቱም።»

«እንግዲያው ጠመንጃውን አስቀምጥና አካፋ ያዝ።»

ያዘ።

ክርክር የተነሣው በስፋቱ ላይ ነው፤ ከመካከላችን ፋብሪካ ያየ ሰው የለም። አንዱ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን አለ። ሽማግሌው «የሚገባበት ድንች ነው፤ ጳጳስ አይደለም» ብለው በየጎኑ አምስት አምስት እርምጃ አስቀነሱ። ሲመሽ መሠረቱ እስከ ወገብ ተቆፍሮ አለቀ። ልጄ ጠላ ስትቀዳ ዋለች፤ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት የኢንዱስትሪ ቢሮ ኃላፊ በነጭ መኪና ደረሰ።

«ይህን ማን ቆፈረው? በየትኛው ዲዛይን?»

«በእግራችን ለክተን ነው፣ ጌታዬ» አሉት ሽማግሌው።

ወደ እኔ ዞረ። «እናቴ፣ ፋብሪካ እኮ የእድር ቤት አይደለም።»

«አዎ፣ ልጄ። የእድር ቤታችንማ አልቋል» አልኩት።

ጉድጓዱን ዙሪያውን ዞረ። ከዚያ ስልኩን አወጣ፤ ሰዎቹን ገለል በሉ ብሎ አካፋዎቹን ብቻ አስቀርቶ ፎቶ አነሣ። ብዙም ሳይቆይ የፋብሪካችን የመሠረት ሥራ ከተያዘለት ጊዜ ቀድሞ መጠናቀቁን በሬዲዮ ሰማን። ጎረቤቶቼ ተደሰቱ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

የፋብሪካችን ማሽን አገር ውስጥ ሲገባ ወደ እኛ አልመጣም። ለመጠየቅ ቢሮ ሄድኩ። ያው ወጣት ኃላፊ ወንበር ሰጠኝና፣ በሪፖርቱ መሠረት የእኛ ግንባታ ስለ ተጀመረ ማሽኑ ገና ላልተጀመረላቸው እንዲቀድም መወሰኑን አስረዳኝ። ያልተጀመረላቸው የተባሉት ከተማቸው ከዳር እስከ ዳር የጭስ ማውጫ የሆነ ሰዎች ናቸው። ይህንኑ ጠየቅሁት።

«እዚያ መብራትና አስፋልት አለ፣ እናቴ።»

«መብራቱና አስፋልቱ ለምን እዚያ ሄደ?»

«ፋብሪካ ስላለ ነዋ።»

በቅንነት ነው የመለሰልኝ። አገሩ፣ ምናልባትም አህጉሩ፣ በዚህች መልስ የሚተዳደር ይመስለኛል።

ድንቻችን በአይሱዙ እየተጫነ ወደዚያ መሄድ ጀመረ። ተጠብሶ፣ በሚያብረቀርቅ ከረጢት ታሽጎ ወደ ሱቃችን ይመለሳል፤ ከረጢቱ ግማሹ አየር ነው። አውሮፓን የወቀሰው እንግዳ ግን ሊወቅስ አልተመለሰም። ማሳዬን ለማረስ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ግንባታ የተጀመረበት መሬት አይታረስም የሚል መልስ በማኅተም ደረሰኝ። እኔው በደቦ ያስጀመርኩት ግንባታ መሆኑ ነው። ጉድጓዱ የክረምት ውኃ ተጠራቀመበት፤ ከብት ይጠጣዋል።

አንድ ቀን ልጄ ከቀበሌ ደብዳቤ ይዛ መጣች። መሬት የለቀቁ ሰዎች ልጆች ቅድሚያ እንደ ተከበረላቸው ይገልጻል። የምትቀጠረው ድንቹ የሚጠበስበት ፋብሪካ ነው፤ በሌላ ክልል፣ የሁለት ቀን መንገድ።

ሁለት ጊዜ አንብቤ መለስኩላት። የደብዳቤው አጻጻፍ ስሕተት አልነበረበትም።

«እማዬ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ» አለች።

«ቀርተሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አላውቅም። አንቺስ ታውቂያለሽ?»

ቅሪ ለማለት ቃሉ አልጠፋኝም፤ ከቃሉ ጋር የምሰጣት ሥራ ነው ያጣሁት። ተነሥቼ በሶ ፈጨሁላት፤ የገዛሁት ገብስ ነው። በማግስቱ አውቶቡሱ የሚነሣው ከመንጋቱ በፊት ነበር። እስከ በሩ ሸኘኋት፤ መናኸሪያ አልሄድኩም።