ቀለበቱ ውስጥ ያልቀረው አቧራ

ከመንደራችን ከሮብ ገበያ የወጣን ቀን አመሻሹ ላይ ከጮቄ ተራራ የወረደው ጉም መንደሩን ውጦት ነበር። እኔና የጎረቤቴ ልጅ የሺ፣ ደብረ ማርቆስ ሥራ ልንፈልግ ነው ብለን አይሱዙ ላይ ወጣን። እናቷ እማማ ጥሩዬ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጥረው ሰጡንና "እንዳትለያዩ" አሉን።

መንገዳችን ግን ወደ ሱዳን ነበር፤ ከመተማ ድንበር ወዲያ ያለውን አላስረዝመውም። በረሃው ላይ መኪናው ተበላሸ፣ ውሃ አለቀ፣ የሺ እቅፌ ውስጥ ሞተች። አሸዋ አለበስኳት። እኔ ባሕሩን ተሻግሬ ጀርመን ገባሁ።

ለእናቷ አልነገርኩም። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ ነው። ስለዚህ በደወልኩ ቁጥር "ሌላ ከተማ ናት" እላለሁ።

እዚህ ብርዱ የጮቄን አያህልም፣ ግን ሰው አጠገብ የለም። ዳቧቸው ሆምጣጣ ነው፣ ጤፍ የሌለው ሆምጣጣ። ስለ ስደቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ሹም የወጣሁበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ስነግረው አፈጠጠብኝ።

"ታዲያ ከሰባት ዓመት በላይ የት ነበርሽ?"

"የእናንተ ቀን መቁጠሪያ ውስጥ" አልኩት። አስተርጓሚው አልተረጎመውም።

አንድ ቀን የቋንቋ አስተማሪያችን የኮከብ ተመራማሪ ንግግር ልታሰማን ወሰደችን። ነጻ ነው፣ ቤቱም ይሞቃል። ሰውየው የአንድ ወጣት ኮከብ ሥዕል አሳየን፤ ዙሪያውን አቧራ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ ቀለበት ቀለበት ሠርቶ። አቧራን በቋንቋቸው ሽታውብ ይሉታል። እየተጋጨ ይጣበቃል አለ፣ ያድጋል፣ ጠጠር ያክላል። ጠጠር ሲያክል ግን በዙሪያው ያለው ጋዝ እንደ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታ ፍጥነቱን ይቀማዋል፤ እየተጠማዘዘ ወደ ኮከቡ ይወርዳል። ቀለበቱ የያዘው ብቻ ይተርፋል፤ ምድርን የመሰለ ነገር የሚሆነውም እሱ ነው። እጄን አወጣሁ። የወደቁት በየት በኩል ይታያሉ አልኩት።

"አይታዩም" አለኝ። "የምናየው የቀረውን ነው።"

በነጋታው ታናሽ እህቴ ብርቄ ደወለች። ልትወጣ ነው፤ ደላላ አግኝታለች፤ የሺ ትቀበለኛለች ትላለች። አቧራውን ነገርኳት፣ ቀለበቱን፣ የሚወርደውን። ሳቀች።

"አንቺ ቀለበቱ ውስጥ ነሽ አይደል? እኔም እገባለሁ።"

"የሺ ሞታለች" አልኳት። "አሸዋ ያለበስኳት እኔ ነኝ።"

በስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል።

"ለእማማ ጥሩዬ ማን ይንገራቸው?"

"አንቺ። ሽማግሌ ሰብስቢ። እሳቸው ሳይረዱ ከቤት እንዳትወጪ።"

እሺም እንቢም ሳትል ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። ልቅሶ ላይ ናት እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

ትላንት ሲቸግረኝ እማማ ጥሩዬ ጋ ደወልኩ። ድምፃቸው ያለቀሰ ሰው ድምፅ አይደለም።

"ብርቄ እኮ ወደናንተ ወጣች፣ ልጄ" አሉኝ። "ለየሺ ንገሪልኝና አብራችሁ ተቀበሏት።"