ለደቦው የሚሆን ቀረሶ

ልጅ እያለሁ አንድ ቀን ሾላው ሲሄድ አየሁ። ከባሕሩ ዳር የቆመው ትልቁ ሾላ፣ ከብት የሚያርፍበት፣ እኛም ልብስ አጥበን የምናሰጣበት፣ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይሄዳል። በእጄ የዓሣ ዘንግ ይዣለሁ። «ሐዋ፣ ዛፉ ይሄዳል» አልኳት ጓደኛዬን። ቀና ብላ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። «የሚሄደው ዛፉ አይደለም» አለች። ያኔ ገባኝ። የቆምንበት ፊላ ከዳሩ ተቆርጦ እኛን እንደያዘ ወደ መሐል እየሄደ ነበር። ሁለታችንም ዋና አንችልም።

ፊላን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከውኃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው። ሥሩ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ውኃው ላይ እንደ ምንጣፍ ይተኛል። ሲረግጡት ዝቅ ከፍ ይላል፣ ከሥሩ ውኃ ይንቦጫረቃል፣ ግን ልጅ ይሸከማል። ባሕር የምለውም እንደ ሌላው አገር ባሕር አይደለም፤ እኛ ነን ባሕር የምንለው። ከመካነ ሰላም ወደ ቆላው ሲወረድ በሁለት ኮረብታ መሐል የተኛ ትንሽ ውኃ ነው። ጎበዝ ሰው ጠዋት ተነስቶ ቢዞረው ጤዛው ሳይረግፍ ይመለሳል። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ሽታው ይመጣብኛል፤ የበሰበሰ ፊላ፣ የከብት እዳሪና እርጥብ ጭቃ። ለሌላ ሰው ግም ነው፤ ለእኔ ግን ልጅነቴ ነው።

እኛ ክርስቲያን ነን፣ የሐዋ ቤት እስላም ነው። አጥር ለአጥር ነን። እሳት እንጫጫራለን፣ ጨው እንለዋወጣለን፣ ሰርግና ለቅሶ አንድ ላይ እንቆማለን። ሥጋ ሲመጣ ግን እንለያያለን። እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ልጆች ስለነበርን ይህ ነገር ያናድደን ነበር። ዓሣ ግን አይታረድም። በስመ አብ ብሎ ወይም ቢስሚላህ ብሎ ቢላዋ የሚይዝ ሰው አያስፈልገውም፤ ከውኃ ሲወጣ በቃ አለቀ። ስለዚህ እኔና ሐዋ ከአንድ እሳት ላይ አንስተን የበላነው ሥጋ ቢኖር ዓሣ ብቻ ነው። በጨው አሽተን፣ ፍም ላይ ጥለን፣ እየተቃጠልን እንበላዋለን።

እሱም ቢሆን ሁሉም ዓሣ አይደለም። ባሕሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አምባዛ የሚባለው ጢም አለው፣ ቆዳው ልስልስ ነው፣ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ደግሞ እኛ ቤት አናስገባም። ቀረሶ ግን ባለ ቅርፊት ናት፣ እሷን ሁሉም ይበላታል። ሐዋ አምባዛ በያዘች ቁጥር «ይሄ የእኛ ነው፤ አንቺ ሽታው ይበቃሻል» ትለኝ ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ የቤታችን ጣራ አለቀ። ሣሩ በስብሶ ከውስጥ ሰማይ ይታይ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ ካልተከደነ ዝናቡ ላያችን ላይ መውረዱ ነው፤ እናቴ ደቦ ጠራች። ወሩ ግንቦት ነው፣ ፋሲካ አልፏል። ጾም ቢሆን ኖሮ በሽሮ ይታለፍ ነበር። አሁን ግን የፍስክ ደቦ ነው፤ የሚመጣውም ሰው ሁለት ወገን ስለሆነ በግም ሁለት ይፈልጋል፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለእስላሙ። እናቴ አንድም አልነበራት።

የሐዋን አባት አያ ይማም እንለዋለን። እናቴ በአጥሩ ላይ ስታዋየው ሰማን።

«አያ ይማም፣ ሰው ጠርቼ ምን ላበላ ነው?»

«አብሽሪ እት ደብሬ፣ ሰው የሚመጣው ለጣራው ነው።»

«እሱን ለአፍህ ነው የምትለው። ሲመለሱ በየመንገዱ ምን ይሉኛል?»

ሐዋ በክርኗ ጎሸመችኝ። «ቀረሶ» አለችኝ በጆሮዬ። «አንድ ድስት ለሁሉም ይሆናል።» አሥር ዓመትም አልሞላንም፣ ግን ያኔ ከአገሩ ሁሉ እኛ ብልጥ የሆንን መሰለን።

አያ ይማም ገበሬ ነው፤ ቢሆንም የባሕሩን ነገር እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ዓሣ ማጥመድ ያስተማረን እሱ ነው። መርፌ በእሳት አግሎ መንጠቆ ያደርግልናል፣ ትሉን ከእበት ሥር ቆፍሩ ይለናል። «ቀረሶ ሙቀት ትወዳለች። ፀሐይ ውኃውን ስታሞቀው ከፊላው ጥግ ትመጣለች። ደመና ከሆነ ግቡና እናታችሁን አግዙ» ይላል። ግንቦት ላይ የበልጉ ጎርፍ ዳሩን ሲያደፈርሰው አምባዛ ዳር ዳሩን ይይዛል፣ ቀረሶ ደግሞ ከፊላው ማዶ ጥሩ ውኃ ወዳለበት ትሸሻለች። አንድ ቀን ቀረሶ አወጣና አገላብጦ አየት አድርጎ አፏን ወደ ውኃው ደፋት። ከአፏ ውስጥ ትንንሽ ጫጩቶች ዝርግፍ አሉ፤ ዓይን ብቻ ናቸው። ጮኽን። «ልጆቿ ናቸው፣ ስትፈራ አፏ ውስጥ ትከታቸዋለች» አለን። እናቲቱንም ለቀቃት። ሐዋ ተቆጣች፤ ትልቅ ነበረች። «ይቺን ብንበላ ለከርሞ ምን ልናጠምድ ነው?» አላት።

ፊላው ላይ ስለ መውጣትም ነግሮናል። «ጠዋት ውጡ፣ ነፋስ ሲነሳ ውረዱ። ሰምታችኋል?» ሰምተናል አልን። መስማቱንስ ሰምተናል።

የደቦው ቀን ወንዶቹ ከኮረብታው ሥር ሣር እያጨዱ ሲጭኑ እኛ ቅርጫትና ዘንግ ይዘን ወረድን። ሰማዩ ደመና ነበር። ከዳሩ ብናጠምድ አምባዛ ብቻ ሆነ፤ ሐዋ ሁለቱን መልሳ ወረወረች፣ ለደቦው አይሆኑማ። ወደ ፊላው ጫፍ ሄድን። እስከ ቀትር የያዝነው ሁለት ቀረሶ ነው። ከዚያ ፀሐይ ወጣች። ያን ጊዜ የሆነውን ዓሣ አጥምዶ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ትሉ ውኃውን ሳይነካ ይወስዱታል። አንዷን ሳላወልቅ የሐዋ ዘንግ ይጎብጣል። አራት፣ አምስት፣ ሰባት። ነፋሱ ፀጉሬን ሲያነሳው ተሰምቶኛል። «አንድ ብቻ እንጨምር» አልኩ። ሐዋም «አንድ ብቻ» አለች። ዘጠነኛዋን ይዘን ነው ሾላው ሲሄድ ያየሁት።

ፊላው ሲቆረጥ ድምፅ አልነበረውም። ቢሰማ ኖሮ እንዘል ነበር። አሁን ግን በእኛና በዳሩ መሐል የነበረው ውኃ ጥቁር ነው። ከክብደታችን የተነሳ ውኃው እስከ ቁርጭምጭሚታችን መጣ። ሐዋ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፣ እኔ እመቤቴን እጠራለሁ። መሞት ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር፤ የአባቴን መቃብር ብቻ ነው የማውቀው። የታየኝ እናቴ ነች። ያንኑ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ እኔን ደግሞ ስታለቅስ ታየችኝ። ወደ ዳሩ ዞረን ጮኽን፣ በጮኽን ቁጥር ፊላው ከሥራችን ይናወጣል።

ጩኸታችንን ሣር የተሸከሙት ሰዎች ሰሙ። ሸክማቸውን ጥለው ወደ ዳሩ ሮጡ። አያ ይማም ከሁሉም ፊት ነበር። «ተቀመጡ። እንዳትቆሙ» ብሎ ተጣራ። «ሐዋ፣ የጥሩዬን እጅ ያዥ።» ጥሩዬ እኔ ነኝ። ተቀመጥን፣ ውኃው ወገባችንን ነካው። አንድ ዋና የሚችል ሰው ልብሱን ማውለቅ ጀመረ፤ አያ ይማም ክንዱን ይዞ ከለከለው። የፊላ ሥር እግር ጠልፎ እንደሚያስቀር ያውቃል። ሰዎቹ ሣሩ የታሰረበትን ገመድ ሁሉ እየፈቱ አንዱን ባንዱ ይቀጥሉ ጀመር። አያ ይማም ደግሞ ከኪሱ የማይለየውን ረጅም የአምባዛ ሲባጎ አወጣ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አሰረ፣ በዚያኛው ጫፍ ገመዱን ቀጠለበት።

መጀመሪያ ሲወረውር አልደረሰም። ሁለተኛውን ነፋሱ ወሰደው። እኛም እየራቅን ነው። ሦስተኛውን ከመወርወሩ በፊት ቆመና ነፋሱን ጠበቀ፤ ዓሣ ሲያጠምድ እንደሚያደርገው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ። ድንጋዩ በራሳችን ላይ አልፎ ከኋላችን ፊላው ላይ አረፈ። ሐዋ በሆዷ ተሳበች። ፊላው በእሷ በኩል ሰጠመ፣ እኔ በዚህኛው ጫፍ ተኛሁበት። ያዘችው።

«አሁን ሳቡት» አለ አያ ይማም። ድምፁ ፍጹም የተረጋጋ ነው። «ቀስ ብላችሁ። ዓሣ የያዛችሁ ይምሰላችሁ።»

ሳብን። ሲባጎው መዳፋችንን ቆረጠው። በመጨረሻ ወፍራሙ ገመድ መጣ። ወገባችንን አንድ ላይ እሰሩ አለን፤ ሐዋ ጥጃ እንደምታስር አድርጋ ቋጠረችው። «አብሽሩ፣ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ አምባዛ አታክሉም» አለ። እዚያ ላይ ሆኜ እንኳ ሳቄ መጣ። ሰዎቹ ጎተቱ። ፊላው ከእኛ ጋር መጣ፣ መጣ፣ ዳሩ ሲቀርብ ከሥራችን ተበታተነ። ውኃ ዋጠን። ጆሮዬ ውስጥ የገባው ድምፅ እስከ ዛሬ አለ። ቅርጫቱም እዚያው ሄደ፣ ዘጠኙም ቀረሶ። ከዚያ ብዙ እጅ ያዘኝ፣ ጉልበቴ ጭቃ ነካ። ጭቃውን በሁለት እጄ ጨብጬ አልለቅም ብዬ ነበር ይላሉ።

አያ ይማም መተንፈሳችንን ካየ በኋላ ጆሯችንን ያዘ።

«ነፋስ ሲነሳ ምን አድርጉ ብዬ ነበር?»

«ውረዱ» አልን።

«ታዲያስ?»

«ዓሣው እየበላ ነበር» አለች ሐዋ።

«እሱስ ያስቸግራል» አለና ለቀቀን። ከዚያ ዞር ብሎ በጋቢው ፊቱን ጠረገ።

በዚያ ቀን ደቦው በሽሮ ተበላ። ግንቦት ላይ፣ በፍስክ። እናቴ ገበታውን ስታቀርብ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። የምንፈራው ያ ጊዜ ደረሰ ብዬ እኔም በጓዳ በር ተሸሸግሁ። ጋሽ አስፋው የሚባል ጎረቤታችን ጣራው ላይ ሣር ሲከድን የዋለ ሰው ነው፣ እጁን ታጠበና ገበታው ላይ ተቀመጠ። «እት ደብሬ፣ ምን አንገት ያስደፋሻል?» አለ። «ደቦው ሁለት በግ ይፈልጋል፣ አንድ የክርስቲያን፣ አንድ የእስላም። ይኸው ሁለቱንም ከባሕር አወጣንልሽ። የሚያርድ ሰው ነው የጠፋው።» ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አያ ይማም «የእኔዋ ከሲታ ናት፣ አትጠቅምም» አለ። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ገበታ በላ፣ ጨምሪ አሉ፣ ጨመረች። ምን ይሉኛል ብላ የፈራችውን ማንም በየትኛውም መንገድ አላለም። ማታ ስንተኛ ቤቱ አዲስ ሣር አዲስ ሣር ይሸት ነበር። ዝናቡ ሲገባ አንዲት ጠብታ አላስገባም።

በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የአገሬ ሰዎች ከዚያ ወዲህ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ለወባ የተሰጠውን አጎበር ሰው ባሕሩ ውስጥ ይጎትተው ጀመር። አጎበር ደግሞ የሚያሳልፈው የለም፤ እናቲቱንም ጫጩቱንም ይዞ ይወጣል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ባሕሩ ባዶ ሆነ። ከጣት የማትበልጥ ቀረሶ ያገኘ ሰው ለጎረቤት ያሳይ ነበር። አያ ይማም፣ አላህ ይዘንለትና፣ አርጅቶ በበትር እየተደገፈ ከቄሱም ከሼሁም ደጅ ይመላለስ ነበር። በኋላ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ሕዝቡን አስማሉ። አጎበር ባሕር ውስጥ አይገባም፣ ክረምት መግቢያ ላይ ማንም መንጠቆ አይጥልም። ዓሣው ቀስ እያለ ተመለሰ። ዘንድሮ በጥቅምት ፀሐይ አንድ ሰው ከፊላው ጥግ ተቀምጦ መዳፍ የምትሞላ ቀረሶ አራት አምስት ይዞ ይገባል። እንደ እኛ ጊዜ አይደለም፣ ግን አለ። ሐዋ ከዓረብ አገር ተመልሳ ወረኢሉ ነው የምትኖረው፤ ስትደውል ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ «ባሕሩስ እንዴት ነው?» ብላ ነው።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ውኃው ቀርቤ አላውቅም ነበር። ልጄን ማኅሌትንም ከልክያት ኖርኩ። ጓደኞቿ ሲሄዱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ፣ ሳጣት ስሟን እየጠራሁ መንደሩን እዞራለሁ። በዚህ ሳምንት ግን «እማዬ፣ አንቺው ራስሽ ውሰጅኛ» አለችኝ። እኔ ያስተማረኝ ሰው ነበረኝ፣ የሚጎትተኝ ሰውም ነበረኝ። እሷን ማን ሊያስተምራት ነው?

ዛሬ ጠዋት ይዣት ወረድኩ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳት፣ የቀሚሷን ጫፍ በእጄ ጠቅልዬ ያዝኩ። ትሉን እንዴት እንደሚሰካ አሳየኋት፤ ቀሚሷን መልሼ ስይዝ አይታ «ፈራሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሦስት ቀረሶ ያዘች። ሾላው ከቦታው ነበር፤ ደጋግሜ አየሁት። ዳገቱን ወጥተን አሁን ቤታችን ገብተናል። እሷ ደጅ ላይ ቅርፊቱን እየፋቀች ነው፣ ድምፁ ይሰማኛል። ደርሰናል። ደህና ነን።